ሥጋ የማይቀመጥበት ጠረጴዛ

ጥንታዊ አሉት። እንቅልፍ ከከዳው ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው፤ አምስቱንም ቀን አብዱልወዱድ አልጋው ላይ ተጋድሞ ይህችኑ አንዲት ቃል ሲያላምጥ ይውላል። ሌሊቱን መጋዘን ውስጥ የማያውቃቸውን ሰዎች እሽግ ሲለይና ሲደረድር ያድራል፣ ጠዋት ሃኖቨር በሙሉ ለሥራ ሲወጣ እሱ ለእንቅልፍ ይገባል፣ መጋረጃው ደግሞ ስሙ ነው እንጂ ፀሐዩን እንደ ወንፊት እያጣራ ፊቱ ላይ ነው የሚያፈሰው፣ እና ባለፈው ሐሙስ ጠዋት የሕንፃውን በር ሊከፍት ሲል ከሥር ያለው መጠጥ ቤት ባለቤቶች፣ ሁለት ጢማቸውን ቅባት የሚቀቡ ጎልማሶች፣ ከጭነት መኪና ላይ አንድ ዕቃ ያወርዳሉ። ቀስ በል፣ ቀስ በል ይባባላሉ፤ ነፍሰ ጡር የሚደግፉ ነው የሚመስሉት። ዞር ብሎ አየና ቁልፉ እጁ ላይ ቀረ። ከጉልበት ትንሽ ከፍ የሚል ጠረጴዛ ነው፣ ላዩ መስተዋት፣ ከመስተዋቱ ሥር ቴሌቪዥን በጀርባው የተንጋለለበት፣ በዚህ ወገን አንድ እጀታ በዚያ ወገን አንድ እጀታ፣ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ በተራ የሚጫወትበት። አንደኛው ጢማም አፍጥጦ ሲያየው ጊዜ በኩራት፣ "ጥንታዊ ነው፣ የሰማንያ ሁለት ሥራ!" አለው። አብዱልወዱድ በእነሱ አቆጣጠር የሰማንያ ልጅ ነው። ከእሱ በሁለት ዓመት የሚያንስ ጠረጴዛ ጥንታዊ ከተባለ እሱን ምን ሊሉት ነው፣ ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ? አባቶቻቸው የጣሉትን ከጉድፍ እያነሱ ይወለውሉና ዙሪያውን ቆመው ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። ሥራ የፈታ ሕዝብ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቀትር በኋላ ወለሉን ሰንጥቆ ያ ድምፅ ይመጣል፤ ጢው፣ ጢው፣ ዱም። አንዱ ሞተ ማለት ነው። ትንሽ ዝም ይልና ደግሞ ጢው፣ ጢው፤ ተራው ዞረ ማለት ነው። ትራሱን ጆሮው ላይ ቢጭንም ያውቀዋል፣ ከላይ ከሚወርዱት የጨዋታው ትሎች በየትኛው ላይ እንደ ሞቱ እንኳ ያውቃል፣ አይ የእነዚህ ሰዎች እጅ፣ ሦስተኛውን ረድፍ የሚያልፍ አንድ ሰው ይጥፋ? አርብ ዕለት አላስችለው ብሎ በመስኮት አጮልቆ ነበር። መስተዋቱ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፈዋል፤ ምግብና መጠጥ ማስቀመጥ ክልክል ነው ይላል። ብቻውን መንገድ ላይ ቆሞ ሳቀ። ጢማሙ ከውስጥ አይቶት አብሮ ሳቀ፣ የወደደላቸው መስሎት።

ሐኪም ጋ ደውሎ ነበር፣ ውሸት ምን ያደርጋል። እንቅልፍ አጣሁ ላለ ሰው ለመስከረም ቀጠሮ ሰጡት። ተርሚን ይሉታል ቀጠሮውን፤ በዚህ አገር ያለ ተርሚን መልአከ ሞትም በር አያንኳኳም። እስከዚያ ይሙሉት ብለው ቅጽ ላኩለት፤ ሐዘንዎ ከአንድ እስከ አሥር ስንት ነው ይላል። ሐዘን እንደ ሽንኩርት ይመዘናል እንዴ? ሰባት ብሎ ጻፈ፣ ያጋነንኩ ይመስላል ብሎ አራት አደረገው፣ ወርዶ ደግሞ ከቤተሰብዎ ጋር ያለዎት ግንኙነት እንዴት ነው ለሚለው በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ጥሩ ነው አለ። ጥሩ ነው! እዚህ ላይ እንኳ፣ አባቱንም እናቱንም የማታውቅ አንዲት ጀርመን ጸሐፊ ለምታነበው ወረቀት እንኳ መዋሸት አይቀርለትም።

ያኔ ሐሙስ፣ ጠረጴዛውን ባየ በሰዓቱ፣ ስልኩ ጮኸ። መቀሌ ነው፣ አባቱ ጃፋር። ሽማግሌው በሰባ አራት ዓመቱ ዘንድሮ ሀጅ ሊሄድ ነው፤ ሰኞ በአሥር ሰዓት አውሮፕላን ከቁሓ ተነስቶ አዲስ አበባ፣ ማታውኑ ከመሰሎቹ ጋር ወደ ጂዳ። እና ሀጅ የሚሄድ ሰው እንደሚያደርገው ሁሉ ቤት ለቤት እየዞረ ይቅርታ ሲጠይቅ ሰንብቷል።

"ልጄ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ዐፉ ብሎኛል" አለው። "የተጣላሁትንም፣ የተቀየመኝንም አዳርሻለሁ። አንድ ሰው ቀረኝ።"

"ማን ቀረህ አባ?"

"የኣስካል ልጅ፣ ኣለምሰገድ። እኔ ዐፉ በለኝ ልበለው ወይስ እሱ ነው ዐፉ በሉኝ ማለት ያለበት? ያን ቀን እኔ የደረስኩት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። የነበርከው አንተ ነህ። የሰው ሐቅ ተሸክሜ ካዕባ ፊት አልቆምም፤ ወላሂ አልቆምም። እንዴት ነበር?"

ታዲያ ጀግናው ምን አለ? "ቆየ እኮ አባ፣ እስቲ ላስታውስ" አለ። ላስታውስ! ሃያ ሁለት ዓመት አንዲት ቀን ሳይረሳው የኖረውን ነገር ላስታውስ። ሽማግሌውም የዋህ ነውና፣ "እሺ አስታውስ፤ ሰኞ በስምንት ሰዓት፣ ከቤት ሳልወጣ ደውዬ እሰማሃለሁ" ብሎ ዘጋ። ዛሬ ሰኞ ነው። መቀሌ ስምንት ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀራል፤ እዚህ ሰባት ሊሆን።

ምኑን ነው የሚያስታውሰው? በረንዳውን ነው። አሁን እዚያ ቆሟል። አባቱ ከሐይቅ በኩል ከወሎ መጥቶ መቀሌ ላይ ምግብ ቤት የከፈተ፣ በሩ ላይ በአረንጓዴ ቀለም ጨረቃና ኮከብ ያሠራ፣ ደንበኞቹ ሁሉ እንደሱው ከወሎ የመጡ ነጋዴና ጫኝ አውራጅ የሆኑ፣ ለሥጋው ንጽሕና የሚታመን ሰው ነው። ግድግዳ ተጋርታ ደግሞ ኣስካል አለች፣ የንጉሰ ሚስት፣ በኋላ የሟቹ የንጉሰ ሚስት፣ በሯ ላይ መስቀል የተሳለ ሻይ ቤት ያላት። በረንዳው ግን አንድ ነው። በእኛ አቆጣጠር በሰማንያ አምስት አስመራ አንድ ቡና ቤት ሲዘጋ ዕቃውን የሚያዞር ነጋዴ የጢማሞቹን የመሰለ ጠረጴዛ መቀሌ አመጣ፤ ጃፋርም ለብቻው ቦታ የለውም፣ ኣስካልም የላትም፣ ስለዚህ በጋራ ገዙትና ከበረንዳው መሃል ላይ ተከሉት፣ አንዱ በርጩማ በእስላሙ ወገን፣ አንዱ በርጩማ በክርስቲያኑ ወገን። ሠፈሩ የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ብሎ ጠራው። ከእንዳ ኢየሱስ ቁልቁል የሚወርዱ ተማሪዎች ሳይቀሩ ተራ ይይዙ ነበር። ከታች አንዲት መርከብ፣ ከላይ እየተግተለተሉ የሚወርዱ ትሎች፤ መርከቢቱ ስትፈነዳ ሥዕሉ ተገልብጦ ፊቱን ወደ ወዲያኛው ተጫዋች ያዞራል። ጃፋር ይህን ባየ ቁጥር፣ "ማሻአላህ፣ ከሰው ይልቅ ዕቃ ፍርድ ያውቃል" ይላል። ጢማሞቹ ይህን አያውቁም። ለእነሱ አሻንጉሊት ነው።

ሕግ ነበረው ጠረጴዛው። ሻይ ይቀመጥበታል፣ ዳቦ ይቀመጥበታል፣ ሽሮ እንኳ ይቀመጥበታል፤ ሥጋ ግን የእስላሙም ሆነ የክርስቲያኑ ዝር አይልበትም። አንዱ የሌላውን ሥጋ የማይበላ ሰው በአንድ መስተዋት ፊት ለፊት ተቀምጦ እንዲውል ሌላ ምን መላ አለ? ሕጉን ጃፋር አወጣ፣ ኣስካል በካርቶን አስጽፋ ሰቀለችው፤ በትግርኛ ጠረጴዛ ጣውላ ነውና፣ "ኣብዚ ጣውላ ስጋ ምቕማጥ ክልኩል እዩ" ይላል። ወሎዬዎቹ ጫኞች ጣውላው የቱ ጋ ነው እያሉ ይስቁባት ነበር፣ እሷም መልሳ ትስቅባቸዋለች። አራት ዓመት እንዲህ ተኖረ። የእሱ ቦታ የእስላሙ በርጩማ፣ የኣስካል ልጅ የኣለምሰገድ ቦታ የክርስቲያኑ በርጩማ፤ እኩዮች ናቸው፣ ከትምህርት ቤት መልስ እስኪመሽ ሥዕሉ በሁለቱ መካከል ሲገላበጥ ይውላል። ወንድም የለውም፣ አብዱልወዱድ፤ እህት ብቻ ናት ያለችው፣ ሐፊሳ። ወንድም ነበረው ማለት ይቻላል፣ ግን እሱ አይለውም፣ ያን ቃል ካለው ነገሩ ይከብዳል።

ሰማንያ ዘጠኝ፣ የፋሲካ ሳምንት፣ ቀትር። ሰው ሁሉ ወይ መስጊድ ነው ወይ ጥላ ፈልጓል። በረንዳው ላይ ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ አሥራ ሰባት አሥራ ሰባት ዓመታቸው፣ እና አብዱልወዱድ ማንም ደርሶበት የማያውቀው ረድፍ ላይ ደርሷል፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፣ ሁለት እጁ እጀታውና ቁልፉ ላይ ተጣብቋል፣ ዓይኑን አይነቅልም። ኣለምሰገድ ተራውን የሚጠብቅ ነው፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው እጁ ሥራ ፈት ነው። ከጓዳ የፋሲካ ጥብስ በሳህን አምጥቶ ይበላል። ጉልበቱ ላይ ነው ሳህኑ። ይህን ማንም አይጠይቅም እንጂ ጉልበቱ ላይ ነው፣ ሕጉን ጠብቆ፣ ከመስተዋቱ ዝቅ አድርጎ። እና እጅ ልማድ አለው፤ ፊት ለፊትህ የራበው ሰው ካለ እጅ ልብን አያማክርም። ጠቅልሎ በመስተዋቱ ላይ አሻገረና፣ "ኣፍካ ክፈት" አለው።

ኣለምሰገድ ረስቷል። አብዱልወዱድ አልረሳም። ነገሩ ሁሉ እዚህች ላይ ነው ያለው፣ ሌላው ትርፍ ወሬ ነው። ከአፉ በፊት አፍንጫው አውቋል፤ ራሱን ቢያዞር ዓይኑ ከመርከቢቱ ይነቀላል፣ ዓይኑ ከተነቀለ ትፈነዳለች፣ ከፈነዳች ሥዕሉ ይገለበጣል፣ ተራው ያልፋል። ለአንድ ተራ ብሎ፣ የሰው ተንኮል ሳይኖርበት፣ ረኃብ ሳይገድለው፣ ለብርሃን ትል ብሎ አፉን ከፈተ። ዋጠ። ኣለምሰገድ ያኔ ነው የባነነው።

"እዋይ ወዱድ! ስጋ እኮ ነው! ረስቼው፣ ትፋው፣ ትፋው!"

"ዋጥኩት" አለ እሱ፣ ዓይኑን ሳይነቅል፣ እየሳቀ። "ይልቅ ድገመኝ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል።"

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ደግሞ እውነቱን ነው፣ አንድ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል፣ አገሩ የሚለው ነው። ሁለተኛዋ ተጠቅልላ፣ ቅቤዋ እየተንጠባጠበ፣ ከመስተዋቱ መሃል ላይ ስትደርስ ጃፋር ከዙሁር ሶላት ከሁለት ጫኞች ጋር ብቅ አለ።

"ምንድን ነው ይኼ? ይህን ሥጋ እዚህ ማን አመጣው?"

እጁን ከእጀታው አነሳ አብዱልወዱድ፤ ዱም አለ። ሥዕሉ ተገልብጦ ወደ ኣለምሰገድ ዞረ። ጃፋር ፊቱን ወደ ኣለምሰገድ ሲያዞር፣ በዚያች ቅጽበት፣ አብዱልወዱድ መስተዋቱ ላይ በራሱ ወገን የተንጠባጠበውን ቅቤ በሸሚዙ እጅጌ ጠረገው። የራሱን ወገን ብቻ። የወዲያኛውን ተወው። ከዚያ አፉን ከፍቶ፣ ያንኑ አፉን፣ "እሱ ነው አባ! መስተዋቱ ላይ አትብላ ብዬው ነበር፣ እምቢ አለኝ፤ ሆን ብሎ ነው" አለ። ሆን ብሎ። ማን አስተማረው ያቺን ቃል? ማንም። ኣለምሰገድ ረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ እጁ ላይ የቀረችውን ጉርሻ ወደ ራሱ አፍ አስገባ፣ ጃፋርን ፊት ለፊት እያየ አኝኮ ዋጣት። አንድ ቃል አልተናገረም። ጃፋር ንቀት መሰለው። ማን አይመስለውም?

ኣስካል ከጓዳ ወጥታ፣ "ጃፋር ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ልጅ እኮ ነው፣ እኔ ራሴ እንኳን ለፋሲካ ጓዳ ገብቼ ነው የምበላው፣ ያውቃሉ እኮ!" ብትል፣ መስቀሏን ይዛ ብትምል፣ የሰማት የለም። ሁለቱ ጫኞች ቆመው ያያሉ። ጃፋር ሥጋው የሚታመነው በስሙ ነው፤ ስሙን ለማዳን ልጅሽንም ጠረጴዛሽንም ይዘሽ ሂጂልኝ አላት። በወሩ ሓድነት ሠፈር ቤት ተከራይታ ሄደች፣ ደንበኞቿን እዚሁ ጥላ። ጠረጴዛውን ጋሪ ላይ ሲጭኑት አንዱን ጠርዝ ማን ይዞ ነበር? አብዱልወዱድ ነዋ። ኣለምሰገድ በዚያኛው ጠርዝ፣ እሱ በዚህኛው፣ ተፋጠው፤ ያኔም አልተናገረም። ቢናገርማ የጃፋር ቤት በማግሥቱ ተዘግቶ ነበር፤ ልጁ የክርስቲያን ሥጋ የበላበትን ሰው ሥጋ ማን ወሎዬ ይበላል?

ሞኝ ነው፣ ኣለምሰገድ። አብዱልወዱድ ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲል ነው የኖረው፣ በሱዳን በረሃም፣ በጣልያን መጠለያም፣ እዚህም። ሞኝ ባይሆን ኖሮ ያወጣው ነበር። ሓድነት ቁጭ ብሎ የሰው ሬዲዮ የሚጠግን፣ ከመቀሌ ወጥቶ የማያውቅ፣ ዓለም ምን እንደምትመስል ያላየ። እሱስ ምን አየ? መጋዘን ውስጥ እሽግ የሚያመላልስ ቀበቶ። ኣስካል ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው፣ ሐፊሳ ያኔ ደውላ እያለቀሰች፣ "ደውልለት፣ አንዲት ቃል በለው" ስትለው እሺ አላትና ፌስቡክ ላይ የሻማ ሥዕል ላከ። ሻማ! ሴትዮዋ ስሟ ሳይነጻ ተቀበረች፣ እሱ የሻማ ሥዕል ይልካል። እዚህ ደግሞ ሃይማኖተኛ ሆኗል ይባላል፤ መጋዘን ውስጥ የሥራ ባልደረባው ከረሜላ ሲሰጠው እሽጉን ገልብጦ ከምን እንደ ተሠራ ያነባል፣ አፍንጫውን ይነፋል፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልቀምስም ይላል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ።

ስምንት ሆነ። አልተደወለም። ስምንት ከሩብ። ምን እንደሚል አዘጋጅቷል፤ "አባ፣ ልጅነት ነበር፣ ሁለታችንም አጥፍተናል" ይላል፤ ቆንጆ አረፍተ ነገር ናት፣ ማንንም አትነካም፣ ጠረኗም አያስታውቅም። ከሥር ጢው ጢው ይላል። ስምንት ተኩል ሊሆን ሲል ስልኩ ጮኸ።

"አሰላሙ ዐለይኩም፣ ልጄ።"

"ወዐለይኩም ሰላም። አባ፣ ቤት አይደለህም እንዴ?"

"መኪና ውስጥ ነን፣ ቁሓ ልንደርስ ነው። ሐፊሳ ቶሎ ካልወጣን ፍተሻው ይረዝማል ብላ አጣደፈችኝ። ስማኝ፣ ያን ነገር አትጨነቅበት፣ አብሽር። አልቋል።"

"ምኑ ነው ያለቀው?"

"ዛሬ ከሱብሒ በኋላ ሓድነት ሄድኩ፣ ልጁ ዘንድ። አንተን መጠበቅ አልቻልኩም፣ እንቅልፍ ነሳኝ። ገና ሳየው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጉልበቴን ሳመ። 'ኣቦይ ጃፋር፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሆን ብዬ ነው፣ እርስዎ ዐፉ በሉኝ' አለኝ። ዐፉ አልኩት። ቀለለኝ ልጄ፣ ወላሂ ቀለለኝ። ሃያ ዓመት ያህል ወርዶ ከትከሻዬ ሄደ።"

አብዱልወዱድ ተነስቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

"ያ ጠረጴዛ አለ እኮ!" ይላል ሽማግሌው፣ ድምፁ የልጅ ሆኖ። "መስተዋቱ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፣ ሬዲዮ ይፈታበታል። ቁርስ አቀረበልኝ፣ ሽሮ ነው፣ እኔ ጠረጴዛው ላይ ስበላ እሱ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይበላል። ምነው ብዬ ብጠይቀው ለምዶብኝ ነው አለኝ። ደግሞ ላንተ መልእክት አለው። 'ለወዱድ፣ ሁለተኛዋንም እኔ በላሁለት ይበሉልኝ' አለ። ምን ማለቱ ነው? ስጠይቀው ሳቀ።"

ይኸው። ሞኙ መንገዱን ጠርጎለታል። ቀልዱ ነው አባ፣ በሰላም ግባ ብሎ መዝጋት ብቻ ነው የቀረው፤ ሽማግሌው ቀሎት ይሄዳል፣ ኣለምሰገድም ወዶ ያደረገው ነው፣ ማን ተጎዳ? ስንት ሰው ዋሽቶ ይኖራል። አፉ ውስጥ የዚያ ቀን ቅቤ መጣ። እውነት ነው የምላችሁ፣ ጣዕሙ መጣ። እና በዚያች ቅጽበት ይህ ጢማሙን ሲንቅ፣ የሐኪሙን ቅጽ ሲንቅ፣ ጀርመንን ከነተርሚኑ ሲንቅ፣ ኣለምሰገድን ሞኝ ሲል የኖረ ሰው፣ ያ ሁሉ ንቀት ለማን ተጠራቅሞ እንደ ነበር ገባው። አፈረ። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

"አባ" አለ። "የበላሁት እኔ ነኝ።"

"ምኑን?"

"ሥጋውን። ኣለም ረስቶ አጎረሰኝ፣ እኔ ግን አውቄ ዋጥኩት። ድገመኝ ያልኩትም እኔ ነኝ። ሁለተኛዋን ሲያሻግርልኝ ነው አንተ የመጣኸው። ሆን ብሎ ነው ያልኩህ ውሸት ነው። ሳህኑ ጉልበቱ ላይ ነበር አባ። ጉልበቱ ላይ ነበር።"

የጎማ ድምፅ ብቻ። የሐፊሳ ድምፅ ከሩቅ፣ አባ ምን ሆንክ፣ ፊትህ ምን ሆነ ትላለች።

"ኣስካል ሞታለች እኮ" አለ ጃፋር። የልጅነቱ ድምፅ ጠፍቷል። "በመስቀሏ ማለችልኝ፣ አልሰማኋትም። ዐፉ ሳትለኝ ነው የሞተችው። እሷን ማን ዐፉ ያስብልልኛል?"

"አባ..."

"ሹፌር፣ መኪናውን አዙር።"

"ወዴት ኣቦይ? ኤርፖርቱ እኮ ያውና!"

"ሓድነት።"

"አባ በኣላህ!" ሐፊሳ ነች፣ እየጮኸች። "ይኼ አውሮፕላን ካመለጠህ ማታ ከአዲስ አበባ ያለ አንተ ነው የሚነሱት! የዘንድሮው ሀጅ አለፈህ ማለት ነው! ስትመለስ ትጠይቀዋለህ!"

"በውሸት የተቀበልኩትን ይቅርታ ይዤ የት ነው የምሄደው? አዙር ብያለሁ።"

መኪናው ሲዞር አብዱልወዱድ ሰማው፤ ጠጠሩን፣ ሹፌሩ በትግርኛ የሚያጉረመርመውን፣ የሐፊሳን ልቅሶ። ስልኩን ሊዘጋው አውራ ጣቱ ሄዶ ነበር። የአባቱ ድምፅ ቀደመው።

"ስልኩን እንዳትዘጋው። አንተም ትመጣለህ።"

ሃያ ደቂቃ ነው መንገዱ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ በካልሲ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ የመቀሌን ጥሩንባ፣ የሚኒባስ ረዳት ጥሪ፣ አንድ ቦታ ደግሞ የአህያ ጩኸት ሰማ። ከሥር ጢማሞቹ ይጫወታሉ። ከዚያ መኪናው ቆመ፣ በር ተከፈተ፣ የአባቱ ከዘራ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ተሰማ፣ አንድ ሰው፣ ድምፁ ወፍሯል እንጂ ያው ነው፣ "ኣቦይ ጃፋር? ምነው፣ አልሄዱም እንዴ? ደሓን ዶ?" አለ። ስልኩ ጠንካራ ነገር ላይ ሲቀመጥ ቋ አለ፣ መስተዋት ላይ ሲቀመጥ እንደሚለው።

"ይኸው፣ ጠረጴዛው ላይ ነህ" አለ አባቱ። "ልጁ ፊት ለፊትህ ተቀምጧል። ተናገር።"

አብዱልወዱድ አፉን ከፈተ።